ኮዱ አንድ ማታ፣ ማስገባቱ አራት ወር

ባለፈው ዓመት ለአንድ ኦፕን ሶርስ የሒሳብ ላይብረሪ ኢንቲግራል የሚያሰላ ፈንክሽን ጽፌ አስገብቻለሁ። የላይብረሪውን ስም አልጠራም፤ ከምናገረው ውስጥ ስለ ሰዎቹም አንዳንድ ነገር ስላለ ማንንም ማሳጣት አልፈልግም። ኮዱ ስልሳ መስመር አይሞላም። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ዋናው ብራንች ውስጥ እስኪገባ ግን አራት ወር ሄደ። ያ ሁሉ ጊዜ ምን ላይ እንደጠፋ ልንገራችሁ፣ እናንተም ልትሞክሩት ካሰባችሁ ግማሹን ትቆጥቡ ይሆናል።

ለነገሩ መጀመሪያ የላክሁት ይሄን አልነበረም። ሲምፕሰንን ነበር። ያው ካልኩለስ ላይ የምንማረው ነው፤ ኢንተርቫሉን እኩል እኩል ቆራርጦ፣ በሦስት በሦስት ነጥብ ላይ ፓራቦላ እያሳለፉ ስፋቱን መደመር። ማንንም ሳልጠይቅ ጻፍኩ፣ ቴስት ጨመርኩ፣ ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ከፈትኩ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ተዘግቷል። አስተያየቷ አንድ መስመር ናት፦ «እናመሰግናለን፣ ግን ይሄ አለን።» እውነትም አላቸው። ሌላ ሞጁል ውስጥ፣ እኔ ባልጠበቅሁት ስም ተቀምጧል። ሰነዱን አሥር ደቂቃ ባገላብጥ ኖሮ አገኘው ነበር። ኩም አልኩ።

ሁለተኛውን ሙከራ ስለዚህ ከኮድ አልጀመርኩም። ያሏቸውን ፈንክሽኖች ይዤ የሚሰናከሉበትን ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። ብዙም አልራቀም። አንድን ለኤክስ ስኩዌር ሩት አካፍሉና ከ0 እስከ 1 ኢንቲግሬት አድርጉት። በወረቀት ሁለት መስመር ነው፣ መልሱ ልክ 2። ግን ፈንክሽኑ ዜሮ ጋ ሲደርስ ወደ ኢንፊኒቲ ይተኮሳል። የእነሱ ሲምፕሰን ጫፎቹን ራሳቸውን ስለሚነካ ገና ሲጀምር ለዜሮ አካፍሎ ይወድቃል። ሌላው የነበራቸው ጋውስ-ክሮንሮድ የሚባለው የኢንቲግራል ማስሊያ ዘዴ ነው። እሱ ጫፍ አይነካም፤ ግን ስህተቱ የበዛበትን ቁራጭ ለሁለት እየከፈለ ነው የሚሄደው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ስህተት የሚበዛው ያችው ዜሮ ጋ ያለችው ቁራጭ ላይ ነው። ይከፍላል፣ ይከፍላል፣ 50 ጊዜ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይተወዋል።

ይሄን በአሥር መስመር ኮድ አሳይቼ፣ የወጣውን ውጤት ከሥሩ ለጥፌ ኢሹ (ችግር ማሳወቂያ) ከፈትኩ። ፑል ሪኩዌስት የለም። «ይሄ አይሰራም፣ በዚህ ዘዴ ይሰራል ብዬ አስባለሁ፣ ብጽፈው ታዩልኛላችሁ?» ብቻ።

ሁለት ሳምንት ዝም። እውነት ለመናገር ደብሮኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድሩት ሁሉም ሌላ የቀን ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ኢሹ የሚያዩት ጊዜ ሲተርፋቸው ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን በትህትና አንድ መስመር ጨመርኩ፣ በማግስቱ መልስ መጣ። ይቻላል፣ ግን ሦስት ነገር እንወቅ፦ ዘዴው ከየት ነው፣ ኮዱ ከየት ነው፣ ከገባ በኋላ ሲበላሽ ማን ያየዋል?

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ዘዴው ታንሽ-ሲንሽ ይባላል (ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት እና ሃይፐርቦሊክ ሳይን ከሚባሉት ፈንክሽኖች)፣ ደብል ኤክስፖኔንሺያል የሚሉትም አሉ። ታካሃሲ እና ሞሪ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ሐሳቡን ሳየው ቀንቻለሁ፣ እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም ያሰኛል። ኤክስን በሌላ ተለዋዋጭ፣ በቲ፣ ትተካላችሁ፤ ቲን ሲንሽ ውስጥ አስገብታችሁ፣ በፓይ ግማሽ አባዝታችሁ፣ ያንን መልሳችሁ ታንሽ ውስጥ ትከታላችሁ። ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1 የነበረው ኢንተርቫል በሁለቱም በኩል እስከ ኢንፊኒቲ ይለጠጣል፣ ጫፍ የሚባለው ነገር ይጠፋል። የነጥቦቹ ክብደት ደግሞ ወደ ዳር በሄዳችሁ ቁጥር ጉድ በሚያሰኝ ፍጥነት ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከዚያ የሚቀረው ተራ ትራፔዞይድ ነው፣ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር እያገናኙ ከሥር ያለውን ስፋት መደመር። አዎ፣ ያ ሁሉም የሚንቀው ትራፔዞይድ። እርምጃውን በግማሽ በቀነሳችሁ ቁጥር፣ ፈንክሽኑ መሃሉ ላይ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ፣ ትክክለኛ አሃዞቹ በእጥፍ ገደማ ይጨምራሉ። የድሮዎቹ ነጥቦችም አይጣሉም፤ አዳዲሶቹ በመሃል በመሃላቸው ይገባሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ተያዝኩ። ፎርሙላውን ያነበብኩት ከጽሑፍ ነው፣ ፎርሙላ ደግሞ የማንም አይደለም። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚወስነውን ክፍል ግን የሌላ ላይብረሪ ኮድ አጠገቤ ከፍቼ እያየሁ ነበር የጻፍኩት። የቫሪያብሎቹን ስም ቀይሬያለሁ፣ የፕሮግራሚንግ ቋንቋውም ሌላ ነው፣ ስለዚህ የራሴ መስሎኝ ነበር። የዚያ ላይብረሪ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ጂፒኤል ነው፣ ከእሱ የተወሰደ ኮድ በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ የሚያስገድደው፤ የዚህኛው ላላ ያለው ቢኤስዲ። የጂፒኤል ኮድ ወደ ሌላ ቋንቋ ስለተገለበጠ ጂፒኤልነቱ አይለቀውም፣ ቢኤስዲ ፕሮጀክት ውስጥም አይገባም። ሳልደብቅ ጻፍኩላቸው፣ ያንን ክፍል ጣልኩት፣ ትንሽ ቀን ቆይቼ ምንም ሳላይ ከዜሮ ጻፍኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አልጎሪዝሙ አንድ ሆኖ ላይሰንሱ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ኳድፓክ የሚባለው የፎርትራን ስብስብ ለማንም ክፍት ነው፣ የፓይተኑ ላይብረሪ የሳይፓይ ኳድ ፈንክሽንም የመጣው ከእሱ ነው። ያንኑ የኳድፓክ አልጎሪዝም ጂኤስኤል በሚባል የሲ ላይብረሪ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ እዚያ ግን እንደገና የተጻፈ ኮድ ነው፣ ላይሰንሱም ጂፒኤል። ከየትኛው እያያችሁ እንደጻፋችሁ ካላወቃችሁ ሲጠየቅ ትቸገራላችሁ።

ሦስተኛውን «እኔ አያለሁ» ብዬ መለስኩ። ሲጻፍ ቀላል ነው።

ከዚያ ፑል ሪኩዌስቱን ከፈትኩ፣ እዚህም ከድጡ ወደ ማጡ። ኤዲተሬ ፋይል ሲያስቀምጥ ኮዱን በራሱ ያስተካክላል፣ እኔም ልብ አላልኩም። የጨመርኩት ስልሳ መስመር፣ የተቀየረ ሆኖ የሚታየው ሰባት መቶ ምናምን መስመር። ክፍት ቦታው፣ ኮማው፣ የኢምፖርቱ ቅደም ተከተል ሁሉ ተነካክቷል። የመጀመሪያው አስተያየት «የቱ ነው ያንተ?» የሚል ነበር። ኮሚቶቹን በትኜ የራሴን ብቻ ለይቼ እንደገና ላክሁ። አንድ ሳምንት ለዚህ ብቻ ሄደ። ከመላካችሁ በፊት ዲፉን (የተቀየሩትን መስመሮች ዝርዝር) እንደ ሌላ ሰው ሆናችሁ አንብቡት፣ ሌላ ምንም ባትሰሙኝ ይቺን ስሙኝ።

ግምገማው ላይ የገጠመኝን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄው ስህተት ያለበት ኮድ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታም አይቻለሁ።

ቴስቶቼ በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። ሳይን ከ0 እስከ ፓይ፣ 2። ሎግ ኤክስ ከ0 እስከ 1፣ ኔጌቲቭ 1። 4 ሲካፈል ለ1 ሲደመር ኤክስ ካሬ፣ ከ0 እስከ 1፣ ፓይ ራሱ። ያቺ የስኩዌር ሩቷም ቁጭ ብላ 2፣ እስከ አሥራ አምስተኛው አሃዝ ድረስ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያነበበልኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ሁለት ቀን ቆይቶ ይቺን ጻፈ፦ «የስኩዌር ሩቷን ፈንክሽን ገልብጠህ ሞክረው። በኤክስ ፋንታ 1 ሲቀነስ ኤክስ።»

ያው አይደለም እንዴ? ግራፉ በመስታወት እንደማየት ነው፣ ስፋቱም ያው 2። ጊዜዬን ሊያባክን ነው ብዬ እየተነጫነጭኩ ሞከርኩት።

1.99999998።

ካሉኝ አሥራ ስድስት አሃዞች ግማሾቹ ጠፉ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ እርምጃውን አሳነስኩ፣ ነጥብ ጨመርኩ፣ ንቅንቅ አይልም። ማታውን ሙሉ ፎርሙላው ላይ ስህተት ስፈልግ አመሸሁ። ፎርሙላው ምንም አልሆነም።

ነገሩ ኮምፒውተር ቁጥር ከሚይዝበት መንገድ ነው። ደብል የሚባለው የኮምፒውተር መደበኛ የነጥብ ቁጥር፣ ዜሮ አጠገብ በጣም ትንንሽ ቁጥር መያዝ ይችላል፤ ነጥብ አድርጋችሁ ሦስት መቶ ዜሮ ደርድራችሁ ከዚያ አንድ ብትጽፉ ይይዘዋል። 1 አጠገብ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከ1 ቀጥሎ ወደ ታች ያለው ቁጥር ከ1 የሚርቀው 0.00000000000000011 ነው፣ በመሃላቸው ባዶ ነው። ታንሽ-ሲንሽ ደግሞ ጉልበቱ ነጥቦቹን ጫፍ ጫፉ ላይ መከመሩ ነው። ቲ 3.2 አካባቢ ሲደርስ ኤክስ ተጠጋግቶ ልክ 1 ይሆናል። 1 ሲቀነስ 1 ዜሮ፣ አንድ ለዜሮ ኢንፊኒቲ። ያቺ የማትታይ ባዶ ቦታ ደግሞ በእኛ ፈንክሽን ምን ያህል ስፋት እንዳላት ማስላት ይቻላል፦ የርዝመቷ ስኩዌር ሩት ሁለት እጥፍ። አስሉት፣ 0.00000002 ገደማ ይመጣል። የጠፋችው ያቺው ናት።

ታዲያ ኢንፊኒቲ ከመጣ ለምን አልጮኸም? እኔው ነኛ። የመጀመሪያው ማታ አንድ ቴስት ሲወድቅብኝ «የፈንክሽኑ ዋጋ ኢንፊኒቲ ከሆነ ዜሮ ቁጠረው» የምትል መስመር ጨምሬ ነበር። አለፈ፣ ረሳሁት። እንደዚያ ዓይነት መስመር ስጽፍ አሁን እጄ ይይዘኛል። በዚያ ላይ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ (ደረጃ የምለው እርምጃው በግማሽ የሚቀነስበትን እያንዳንዱን ዙር ነው)፣ ይብቃ አይብቃ ሳያይ፣ ያለውን ውጤት ዝም ብሎ ይመልስ ነበር።

መፍትሔው ግማሽ ግማሽ ነው። ከጫፉ ያለውን ርቀት በመቀነስ ሳይሆን በቀጥታ ከኤክስፖኔንሺያሉ ማስላት ይቻላል፣ እንዲህ ሲሆን አንድም አሃዝ አይጠፋም። ግን የተጠቃሚው ፈንክሽን የሚቀበለው ኤክስን ብቻ ነው፣ ርቀቱን እኔ ባውቀው እሱ ካላወቀው ምን ዋጋ አለው። የሲ ፕላስ ፕላሱ ላይብረሪ ቡስት ይሄን የፈታው ፈንክሽኑ ከፈለገ ሁለት ነገር እንዲቀበል በማድረግ ነው፣ ኤክስን እና ቅርቡ ካለው ጫፍ ያለውን ርቀት። እኔም ይሄንኑ አቀረብኩ። ሦስት ሳምንት ተከራከርን። አንዱ ሜንቴነር (የፕሮጀክቱ አስተዳዳሪ) ተጠቃሚ ግራ ይጋባል አለ፣ ሌላው ይሁን አለ፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ ኮዱን ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። በመጨረሻ በፍላጎት ብቻ የሚከፈት አማራጭ ሆነ፣ ሰነዱ ላይ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ተጻፈ፦ ፈንክሽናችሁ አንዱ ጫፍ ላይ የሚፈነዳ ከሆነ ተለዋዋጩን ቀይሩና ያንን ጫፍ ዜሮ ላይ አምጡት። ይቺ ምክር ከእኔ ላይብረሪ ውጭም ትሰራለች።

የማቆሚያው ነገርም ሌላ ጣጣ ነበረው። በተከታታይ ሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ካነሰ አቁም፣ ይላል ኮዴ። ገምጋሚው 0.3 ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀጭን ሹል ፈንክሽን ሰጠኝ፣ ውፍረቱ አንድ ሺህኛ ገደማ የሆነ ጋውሲያን። ከ0 እስከ 1 እውነተኛው መልስ 0.00177 ነው። የእኔ ነጥቦች መጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ላይ ሹሉን አልነኩትም፣ ሁሉም ቦታ ዜሮ አዩ፣ ዜሮ ከዜሮ ሲቀነስ ዜሮ፣ «ጨርሻለሁ፣ መልሱ 0»። ይሄን ሙሉ በሙሉ መከላከል አይቻልም። በጥቂት ነጥብ የሚያይ ማንኛውም ዘዴ ሊሸወድ ይችላል። የቻልኩት ከተወሰነ ደረጃ በፊት እንዳያቆም ማድረግ እና ሰነዱ ላይ በግልጽ መጻፍ ነው። ፍጹም ስህተት (ልዩነቱ ራሱ) እና አንጻራዊ ስህተት (ልዩነቱ ለመልሱ ተካፍሎ) ሁለቱንም መቀበል እንዳለበት የገባኝም እዚሁ ላይ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ራሱ ዜሮ ከሆነ አንጻራዊ ብሎ ነገር ትርጉም የለውም።

ስለ ቴስት ከተነሳ፣ የመጀመሪያዎቹ ቴስቶቼ እኩል ይሁን የሚሉ ነበሩ። እኩል ማለት እኩል። በእኔ ኮምፒውተር ሁሉም አለፉ፤ ሰርቨሩ ላይ በሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እና በሌላ ፕሮሰሰር ሲሞከሩ ሁለቱ ወደቁ፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ላይ። ሲንሽ እና ታንሽን የሚያሰላው የሲስተሙ ላይብረሪ ስለሆነ የመጨረሻው ቢት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቶለራንስ (የሚፈቀድ ልዩነት) ስጡት። ግን ለማለፍ ብላችሁ ቶለራንሱን እያሰፋችሁ አትሂዱ፣ እኔ አንድ ቦታ አስፍቼ ለምን ይሄን ያህል ተብዬ መልስ አጣሁ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በኮሜንት ጻፉ። ከመደበኞቹ ሌላ ሰው የማያስባቸውን ጨምሩ፦ ሁለቱ ጫፎች አንድ ሲሆኑ፣ ጫፎቹ ሲገለበጡ ምልክቱ ይቀየራል ወይ፣ ፈንክሽኑ ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) ሲመልስ ምን ይሆናል፣ ኮምፕሌክስ ቁጥር ሲመጣስ። የመጨረሻውን እኔ አልጻፍኩም ነበር፣ ተልኮ ተመለሰ።

የቀረው የስም ጉዳይ ነው። «ኤች» ያልኩትን ቫሪያብል «ስቴፕ» በለው፣ እዚህ መስመር ዝለል፣ እዚህ ነጥብ ጨምር። አርባ ምናምን አስተያየት ተቆጥሯል። በመጀመሪያዎቹ ላይ ተከራከርኩ፣ በኋላ ተውኩት፤ ቤቱ የእነሱ ነው። የሒሳብ ነገር ላይ ግን አልተውኩም፣ አንድ ቦታ የድምሩን ቅደም ተከተል ቀይረው ሲሉኝ ትንንሾቹን ቁጥሮች መጀመሪያ መደመር ለምን እንደሚሻል በቁጥር አሳየሁና ተቀበሉኝ።

አንድ ረቡዕ ማታ ማርጅ ተደረገ፣ ዋናው ብራንች ውስጥ ገባ። ማንም ምንም አላለም፣ አንድ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ። ስክሪኑን እያየሁ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከተለቀቀ ሁለት ወር በኋላ አንድ ተጠቃሚ ኢሹ ከፈተ። ፈንክሽኑ መሃል ላይ፣ 0.3 ጋ፣ ዝላይ አለው፤ መልሱ ሦስት አሃዝ ብቻ ነው ትክክል የሚወጣው፣ እርምጃው ቢያንስም ቶሎ አይሻሻልም። ተበላሽቷል ይላል። አልተበላሸም። ታንሽ-ሲንሽ ጫፍ ላይ ያለ ችግር ይችላል፣ መሃል ላይ ያለ ግን አይችልም። 0.3 ላይ ቆርጠህ ሁለት ኢንቲግራል አድርገውና ደምራቸው፣ ዝላዩ ጫፍ ላይ ይሆንልሃል ብዬ ጻፍኩለት። ሰራለት። ከዚያ «ሰነዱ ላይ ለምን አልተጻፈም?» አለኝ።

አልተጻፈም ነበር። ሁለት መስመር ጨምሬ ፑል ሪኩዌስት ከፈትኩ። በዚያው ቀን ገባ።